ስንት ተማሪዎች ነበሩ? ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የትምህርት ሚኒስትር፣
ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ አመራሮች በሙሉ፤

ክቡር ሚኒስትር፣ ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ የታገቱት ተማሪዎች ስንት ነበሩ? ነገሩን መሥሪያ ቤትዎ ጠንቅቆ ስለሚያውቀው ከመነሻው አልተርከውም። ያመለጡት ልጆች በሦስት አውቶቡሶች ይጓዙ እንደነበርና የታገቱት ከመቶ በላይ እንደሚሆኑ ተናገሩ። የኦሮሚያ ክልል መንግሥት ደግሞ ቀናት ቆይቶ ከ167 ተማሪዎች 160ው ተለቀዋል አለ። መግለጫው ከተሰማ በኋላም ልጆቻችን አልመጡም፣ አጋቾቹ ዛሬም እየደወሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር አምጡ ይሉናል የሚሉ ወላጆች ነበሩ። ከመቶ በላይ፣ 167፣ 160፤ እያንዳንዱ አካል የየራሱን ቁጥር ሲናገር፣ ተማሪዎቹን መዝግቦ የያዘው፣ ያስተማረውና ከግቢው የሸኘው ተቋም በስም የተደገፈ ዝርዝር አውጥቶ ክርክሩን ሲቋጨው አላየንም። ዝርዝሩ ከነበረ ለምን አልወጣም? ካልነበረስ ለምን አልነበረም? ይህን የምጽፈው መልሱን በትዕግሥት ስንጠብቅ ቆይተን፣ መጠበቁ ለማንም እንደማይበጅ ስለተረዳን ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ ክሊራንስን ያውቀዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪው ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍቱ ያልተመለሰ መጽሐፍ እንደሌለበት ይፈርምለታል። ፕሮክተሩ ዶርም ድረስ ገብቶ ፍራሹን ያያል፣ ቁልፉን ይረከባል፣ የሎከሩ በር እንዳልተሰበረ አረጋግጦ ይፈርማል። ካፌው ይፈርማል፤ ስፖርት ክፍሉ ይፈርማል። በር ላይ ጥበቃው ሻንጣውን ከፍቶ ይፈትሻል። የተቋሙ ንብረት በዚህ ጥንቃቄ መጠበቁ ተገቢ ነው፤ አንድም ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ልጁ ከዚያ በር ወጥቶ በየትኛው መኪና እንደሚሳፈር፣ የመኪናው ታርጋ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚያድር፣ ካልደረሰ ለማን እንደሚደወል የሚጠይቅ ቢሮ የለም። ከደባርቅ አዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን ላይ የሚወጣ መንገድ ነው። በአንድ ቀን ተጀምሮ የሚያልቅ ጉዞ አይደለም። አውቶቡሶቹ ከስምሪት ተመድበው ይሁን በኮንትራት ተይዘው፣ ዩኒቨርሲቲው ከበሩ ባሻገር ላለው ነገር ኃላፊነት እንዳለበት የሚነግረው መመሪያ ካለ ይታተምና እንየው።

መንገዱ የማይታወቅ መንገድ አልነበረም። በገርበ ጉራቻና በአካባቢው ሾፌሮችና ተሳፋሪዎች ሲታገቱ፣ ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ ቤዛ ሲከፍል አገር የሰማው ከዚያ ሰኔ በፊት ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ታውጆ የነበረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜው ያበቃው ተማሪዎቹ ከመነሳታቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር። የጭነት መኪና ባለንብረት እንኳ መኪናውን በዚያ መስመር ከመልቀቁ በፊት ወዲህና ወዲያ ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ ያጣራል። እነዚያ ልጆች በተነሱበት ማለዳ ከዩኒቨርሲቲው ማን ደወለ? ለየትኛው ፖሊስ? ምን ተባለ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ቢኖራቸው ኖሮ የመልሱ ሰነድ ዛሬ በወላጆች እጅ በሆነ ነበር።

ደግሞም የመጀመሪያው አይደለም። ኅዳር 2012 ዓ.ም. የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግጭት ሸሽተው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ መንገድ ላይ ታገቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ያኔም ክርክሩ የቁጥር ሆነ። መንግሥት 21 ተማሪዎች ተለቀዋል ብሎ በይፋ አስታወቀ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የ17 ተማሪዎች ነገር ይጣራ አለ። እናቶችና አባቶች ደግሞ የኛ ልጆች ተለቀቁ ከተባሉት ውስጥ የሉም አሉ። ከዚያ መከራ አንድ ነገር እንኳ ተምረን ቢሆን፣ ተማሪ በጅምላ ሲጓዝ ስሙ ተመዝግቦ ይሂድ የሚል አንድ አንቀጽ ጽፈን ቢሆን፣ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ያው የቁጥር ክርክር ገርበ ጉራቻ ላይ አይደገምም ነበር። ክቡር ሚኒስትር፣ ቁጥር ሲጠፋ የሚጠፋው ስታቲስቲክስ አይደለም። 167 ከተባለው ውስጥ የቀሩት ሰባቱ እነማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ፣ ልጁ ከሰባቱ አንዱ ይሁን ከቆጠራው ጭራሽ የተዘለለ ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያመሳክርበት ዝርዝር ከሌለ በመግለጫው ማልቀስም መደሰትም አይችልም። አጋቹ ሲደውልለት እንኳ በርግጥ ልጁን ይዞ ይሁን እያታለለው የሚያረጋግጥለት አካል የለም።

የመንገድ ጸጥታ የጸጥታ አካላት ሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጦር የለውም የሚል መልስ እንደሚኖር እገምታለሁ። እውነት ነው፤ የለውም። ማንም ሬጅስትራሩ መሣሪያ አንግቶ ይሂድ አላለም። ነገር ግን መሥሪያ ቤትዎ ተማሪን በብዛት ማጓጓዝ፣ መቁጠርና ማስጠበቅ እንደሚችል በገዛ እጁ አሳይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ከየወረዳው ተማሪ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ በስም ተጠርቶ፣ በፖሊስ ታጅቦ፣ የመግቢያና የመውጫ ቀኑ ተቆርጦለት መጥቶ ሄዷል። ደባርቆቹ በታገቱበት ክረምት እንኳ ፈተናውን የወሰዱት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። የፈተና ወረቀት እንዳይሰረቅ ይህን ሁሉ ቅንጅት ማቆም የቻለ መንግሥት፣ ለሦስት አውቶቡስ ተማሪ አልችልም ቢል ማን ያምነዋል? ለፈተናው የተደረገው ቀላል ሥራ አልነበረም፤ በደረሰበት ትችት ሁሉ መሐል የተሳካ የማጓጓዝ ሥራ መሆኑን አልክድም። የምጠይቀው ያንኑ ሥራ ለተማሪው ሕይወትም እንዲያውሉት ነው።

ሁለተኛው መልስ ተማሪዎቹ አዋቂዎች ናቸው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነት አላቸው፣ ዩኒቨርሲቲ በፈለጉት መኪና እንዳይሄዱ ሊከለክላቸው አይችልም የሚል ነው። ክርክሩ ክብደት አለው፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ የወጣቶች እስር ቤት እንዲሆን አልሻም። ሆኖም በአውሮፕላን የሚሳፈረውም አዋቂ ነው፤ ስሙ መመዝገቡ ነፃነቱን አልነጠቀውም። መመዝገብና መከልከል ለየቅል ናቸው። ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር ይታሰብ፦ የአዲስ አበባ ልጅ ደባርቅ የሄደችው መርጣ አይደለም፤ ብትመርጥ እንኳ የመደባት መንግሥት ነው። ምደባው አገሩን ለማስተዋወቅ፣ ወጣቱን ለማቀራረብ ታስቦ የተሠራ መልካም ሐሳብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልጅን ከቤቷ 800 ኪሎ ሜትር ርቃ እንድትማር የወሰነ አካል ስለ 800 ኪሎ ሜትሩ አያገባኝም ማለት አይችልም። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተማሪና ወላጅ በግቢ ውስጥ ሰላም ለመጠበቅ ውል እንዲፈርሙ ተደርጎ ነበር። ወላጅ ፈረመ። ውል ደግሞ ሁለት ወገን አለው፤ የዩኒቨርሲቲው ፊርማ የቱ ላይ ነው?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው፤ ምክንያቱም የሚነሳው ከራሳቸው ከተማሪዎችና ከወላጆች ነው። ዝርዝር ከተዘጋጀ ሊሾልክ ይችላል፤ በእጀባ የሚሄድ አውቶቡስ ከሩቅ ይለያል፤ በብሔር ስም ሰው በሚፈለግበት ጊዜ ስም የሰፈረበት ወረቀት ራሱ አደጋ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ዝርዝሩ ብሔርም፣ ሃይማኖትም፣ የትውልድ ወረዳም ሊይዝ አይገባም፤ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ የወላጅ ስልክ፣ የመኪናው ታርጋና የሾፌሩ ስም ይበቃል። አውቶቡሱ ውስጥም አይያዝም፤ በሬጅስትራሩና በአንድ ተጠሪ እጅ ብቻ ይቀመጣል። እጀባም ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። መንገዱ አደገኛ ሲሆን ትክክለኛው ውሳኔ አለመንቀሳቀስ ነው፤ ያ ውሳኔ ደግሞ ዋጋ አለው። ዶርም ክፍት መሆን፣ ካፌ ምግብ ማቅረብ፣ የግቢ ክሊኒክ መሥራት አለበት። ለዚህ በጀት ያልያዘ ዩኒቨርሲቲ «ብትፈልጉ ቆዩ» ቢል ቃሉ ባዶ ነው፤ ምግብ የተቋረጠበት ተማሪ መንገዱ ምንም ቢሆን ይሄዳል።

ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት ማየት ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. የካቲት 2000 በአሜሪካ የፕሬይሪ ቪው ዩኒቨርሲቲ ሯጮች ለውድድር ሲጓዙ የተሳፈሩበት ቫን ተገልብጦ አራት ተማሪዎች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ከ25 ማይል፣ ማለትም ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚደረግ የተማሪዎች ጉዞ የጽሑፍ ደንብ እንዲያወጣ አስገደዱ። ደንቡ ስለ መቀመጫ ቀበቶ፣ ስለ ተሳፋሪ ብዛት፣ ስለ ሾፌር ብቃት፣ ሾፌሩ ሳያርፍ ስለሚነዳበት ሰዓት ገደብ መናገር አለበት። በርግጥ ያ ሕግ የሚመለከተው ዩኒቨርሲቲው ያዘጋጀውን ጉዞ ነው፤ እገታንም አያውቅም። ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው፤ የአራት ተማሪዎች ሞት ሕግ ለማውጣት በቂ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። የኛ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 በሥራ ላይ ነው፤ በሥሩ መመሪያ ማውጣት ለመሥሪያ ቤትዎ የሳምንታት ሥራ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ፤ የምትጽፈው አንዲት ብዕር ብትሆንም የምትጠይቀው የብዙ ወላጅ ጥያቄ ነው። ተማሪ በቡድን ሲጓዝ፣ ለእረፍትም ይሁን ለመስክ ትምህርት፣ ለስፖርት ውድድርም ይሁን ለምርቃት፣ ስሙ ሳይመዘገብና የመንገዱ ሁኔታ ከጸጥታ አካላት ተጠይቆ በጽሑፍ ሳይሰፍር አውቶቡስ ከግቢ በር እንዳይነሳ የሚያዝ መመሪያ ይውጣ። መንገዱ አይሆንም የማለት ሥልጣን ያለው፣ ስሙና ስልኩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ኃላፊ በየዩኒቨርሲቲው ይመደብ። ደርሰናል የሚል መልእክት ከእያንዳንዱ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ያ ሰው ቢሮውን አይዝጋ። በመሬት መሄድ በማይቻልበት ወቅት ጎንደር የአውሮፕላን ማረፊያ እንዳለው ይታሰብና ሚኒስቴሩ ለተማሪ የሚሆን ቅናሽ ከአየር መንገዱ ጋር ይደራደር። ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣ ተማሪ በአንድ ቀን ከግቢ እንዳይወጣ የትምህርት ካላንደሩ ይስተካከል።

በዚህም አላበቃም፤ ነገሩ ከመመሪያ በላይ ነውና። ስለ ገርበ ጉራቻው እገታ ስንት እንደታገቱ፣ ስንቱ እንደተመለሱ፣ ስንቱ ትምህርታቸውን እንደቀጠሉ የሚያሳይ ሪፖርት ካለ ይታተም፤ ከሌለ ገለልተኛ ቡድን ተቋቁሞ ያዘጋጀው። ሪፖርቱ የደምቢ ዶሎዎቹንም ይጨምር። ቤዛ ለመክፈል ከብቱን፣ ቤቱን፣ የልጆቹን ልብስ የሸጠ ወላጅ የሚካስበት ፈንድ ይቋቋም። ከእገታ የተመለሱ ተማሪዎች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ስማቸው ሳይነሳ የሥነ ልቦናና የሕክምና እርዳታ ያግኙ፤ ያመለጣቸው ፈተና ያለ ቅጣት ይሰጣቸው። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሚሹም ያለ ደጅ ጥናት ይፈቀድላቸው። መንገድ አስተማማኝ እስኪሆን ድረስም የአዲስ ገቢዎች ምደባ ተማሪውን ወደ ቤቱ የሚያቀርብ እንዲሆን ይታሰብበት። በመጨረሻም ክቡርነትዎ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ሕዝብ በቀጥታ በሚከታተለው ስብሰባ፣ በዚህ ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለውን ጥያቄ ይመልሱ። መልሱም ቁጥር ብቻ ሳይሆን በወላጆች ፈቃድ የተረጋገጠ የስም ዝርዝር ላይ የቆመ ይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሥራ አመራር ቦርዶች በሙሉ፣ ለየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ኅብረት፣ በዘንድሮው ምደባ ልጃቸውን ለሚሸኙ ወላጆች።