ሀ ሁ የሸመደደ ብስክሌተኛ

ልጅ ሆናችሁ ፊደል ስትቆጥሩ ይቺን ዘዴ አልተጠቀማችሁም? ዓይንን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ፣ ገበታውን ሳያዩ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ…» እያሉ እንደ ዘፈን ማውረድ። እኔ በዚህ ጎበዝ ነበርኩ። የኔታ ግን የዋዛ አልነበሩም። ስንጥራቸውን መሃል ካለች ፊደል ላይ ያሳርፉና «ይቺስ?» ይላሉ። ከ«ሀ» ተነስቼ እያዜምኩ ካልደረስኩባት አላውቃትም! አቡጊዳ የሚባለው ገበታ የሚጠቅመውም ለእንደኔ ዓይነቱ ነው፤ የለመዱትን ቅደም ተከተል ያተረማምስና ያነበበውን ካዜመው ይለያል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሳይክል ልጽፍ ነው። (አትሳቁ።)

በየቅዳሜው ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነስተን እንጦጦን የምንወጣ አሥር የምንሆን ሰዎች አለን። አስፋልቱን እያለከለክን እንወጣለን፣ ማርያም ደርሰን ትንፋሻችንን እንሰበስባለን፣ ከዚያ በባሕር ዛፉ መሃል በለመድናት ቀጭን መንገድ እንወርዳለን። ሁልጊዜ በዚያችው። ታች ስንደርስ ማኪያቶ ይታዘዝና ስልክ ወጥቶ ደቂቃ ይቆጠራል። «ካለፈው ሳምንት 40 ሰከንድ ቀነስኩ!» «እኔ 52!» ዛሬ በሌላ መንገድ እንሞክር ያለ ሰው ማኅበር እንዳፈረሰ ይታያል።

እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ሰከንድ ስቀንስ ኖሬያለሁ። የቱ ጋ ፍሬን እንደምይዝ፣ ከየትኛው ሥር በስተግራ እንደማልፍ፣ የቱ ጋ ከኮርቻ እንደምነሳ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ጎበዝ ነጂ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወንጪ ሄድኩ። ከአፋፉ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ፈረስ የሚመላለስበት፣ የላላ ኮረት የበዛበት ነው። ሦስተኛው ኩርባ ላይ እጄ ፍሬኑ ላይ ደረቀ። ዓይኔ ከፊት ጎማዬ አልነሳ አለ። እሱን ስመለከት የሚመጣውን ድንጋይ አላየሁትም፣ ሳላየው የፊት ፍሬን ጨመቅሁ፣ በመሪው ላይ ተወርውሬ ወደቅሁ። ክርኔ ተላጠ። ፈረስ የሚያከራይ አንድ ልጅ በጋማው ተንጠልጥሎ በአጠገቤ እያለፈ «እህቴ፣ ሳይክሉ ተበላሸ?» አለኝ። ሳይክሉ ደህና ነበር። የተበላሸው የሁለት ዓመት ልምምዴ ነው።

እንግዲህ ጥሌ እዚህ ላይ ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምናደርገው ሳይክል መንዳት ሳይሆን መንገድ መሸምደድ ነው። ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነው በሽታ ነው፤ ያለፈውን ዓመት ፈተና ፈልጎ አጥንቶ «ኤ» ማግኘት። (ጋዜጠኝነት ተመርቄያለሁ፣ ስለዚህ ነገር ባለሙያ ነኝ።)

ትልልቆቹንም ቢሆን የሸመደዱት ነገር ሲከዳቸው አይተናል። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የተራራ ብስክሌት ውድድር፣ ሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ.፣ ሆላንዳዊው ማቲው ቫን ደር ፑል ገና በመጀመሪያው ዙር ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሲወርድ በአፍጢሙ ተተከለ። በልምምድ ጊዜ ከድንጋዩ ሥር የእንጨት መረማመጃ ነበር፤ በውድድሩ ቀን ተነስቷል። መነሳቱን እንዳላወቀ ራሱ ተናግሯል። በትዝታው ውስጥ ባለ ጣውላ ላይ ሊያርፍ ወረደ፣ ጣውላው የለም! ወርቁን እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ ወሰደው። ሰውየው ከዓለም ምርጦች አንዱ ነው፤ ለውድድር መንገድ ማጥናትም ነውር አይደለም። እሱን ለአንድ ቅጽበት የጣለው ነገር ግን እኛን ዕድሜ ልክ ይጥለናል፣ ምክንያቱም ከትዝታው ሌላ ምንም የለንም።

ጥናት ካልተጠቀሰ የማያምን አንባቢም አለ። ጆን ሺ እና ሮቢን ሞርጋን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ አንዱ ቡድን ሦስት የእጅ እንቅስቃሴዎችን አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው እየሄደ ተለማመደ፣ ሌላው ቡድን አደባልቆ። በልምምዱ ሰዓት የተሻለው የመጀመሪያው ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን የደባለቁት በለጡ። የላቦራቶሪ ሙከራ ነው፣ ሳይክል አልነዱም። ቢሆንም የኛን ማኪያቶና ሰከንድ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል፤ ዛሬ የጎበዝን የሚመስለን ስላልተፈተንን ነው።

አዲስ መንገድ ላይ ግን ዓይን በግድ ይነሳል። አሥርና አሥራ አምስት ሜትር ወደፊት ካላየህ ትወድቃለህ። ፍሬን ከኩርባው በፊት መያዝን፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጠንካራ አፈር ላይ እንደ ሳሙና እንደሚያንሸራትት፣ የረጠበ ሥርን በሰያፍ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ማለፍን ትማራለህ። ደስታውስ? በለመድኳት መንገድ ስወርድ የማስበው የቤት ኪራይ ነው። በማላውቀው መንገድ የቤት ኪራይ ማሰብ አይቻልም!

«የማታውቂው መንገድ ይገድልሻል» ይለኛል የቡድናችን አንጋፋ። ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የማያውቁት መንገድና ከአቅም በላይ የሆነ መንገድ አንድ አይደሉም። የማላውቀውን በዝግታ እወርዳለሁ፣ ያስፈራኝን ወርጄ በእግሬ አየዋለሁ፣ ካልሆነልኝ ሳይክሌን እገፋለሁ። ሰው የሚሰበረው የሚያውቀው መንገድ ላይ ሰከንድ ሲቀንስ ነው፤ ባለፈው ክረምት ጎርፍ የለመድነውን ኩርባ ቦርቡሮት ሳለ ማን እንደገባበት ስም አልጠራም።

«ለሴት ልጅ ደግሞ…» የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። እውነት ነው፣ እኔ የምፈራው ገደል አይደለም፣ ሰው ነው። ስለዚህ ብቻዬን አልሄድም፣ በየት እንደምወርድም ለቤት ነግሬ ነው የምወጣው። ግን ይህ ስጋት የሚነሳው ሁልጊዜ አዲስ መንገድ ስጠይቅ ብቻ መሆኑ ይገርመኛል። በለመድናት መንገድ ወደ ኋላ ስቀርና ጫካው መሃል ብቻዬን ስሆን ማንም ተጨንቆልኝ አያውቅም።

ደግሞስ እነዚያን መንገዶች ማን ያወጣቸው ይመስላችኋል? በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ አይደለም የምላችሁ፤ እሱም ደስ ይላል፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያሉት ቀጫጭን መንገዶች የእንጨት ተሸካሚ እናቶች የእግር ሥራ ናቸው። ከራሳቸው የሚረዝም ጭራሮ አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ በላስቲክ ጫማ ይወርዱበታል። የትኛው መንገድ በጎርፍ እንደተቆረጠ፣ የትኛው ገደል ላይ እንደሚያልቅ ከኛ ስልክ በላይ ያውቃሉ። ጠይቋቸው። እናም ከፊታችሁ ሲመጡ ደወል እየመታችሁ ጥግ አታስይዟቸው፤ ከሳይክል ወርዳችሁ መንገዱን ልቀቁ። ለነሱ መዝናኛ አይደለም።

የፊታችን ቅዳሜ ማርያም ስንደርስ እኔ ወደ ራጉኤል በኩል ነው የምታጠፈው። ከዚያ የሚወርደውን አንዱንም አላውቀውም። ሁለት ልጆች «አብረንሽ ነን» ብለውኛል፤ ጋሼም አጉረመረሙ እንጂ እምቢ አላሉም። ሰዓት የሚቆጥር ስልኩን ኪሱ ይክተት። ማኪያቶው የዘገየ ሰው ላይ ነው።