ስለ ተማሪው መሐንዲስና ስለ ሥራው ስፍራ

ልጁን ለምህንድስና ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅ ደስታው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ደስታው ፍሬ እንዲያገኝ፣ ልጁ በክፍል ውስጥ ከሚሰማው ሌላ በሥራ ስፍራ በዓይኑ አይቶ በእጁ ሠርቶ የሚማረው ትምህርት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ አሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው ሕዝብን ያገለግሉ ነበር። ዛሬም ለምህንድስና ተማሪ ጥቂት ወራት ለሥራ ልምምድ ተለይተውለታል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እነዚህ ወራት እንደ ዕረፍት ይቈጠራሉ። ዘመድ ያለበት መሥሪያ ቤት ይፈለጋል፤ ተማሪው ጥቂት ቀን ብቅ ብሎ ይቀራል፤ ዘመዱም «ልጃችን ነው» ብሎ ይፈርምለታል። ይህ ደግነት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጉዳት ነው። ነገ ይህ ልጅ የሚሠራው ቤት ሰው የሚኖርበት፣ የሚያጣራው ውኃ ሕፃን የሚጠጣው ነውና።

የአዲስ አበባ ተማሪ መልካም የልምምድ ስፍራ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ብዙ የሚያስተምሩት ነገር አላቸው።

በቡራዩ አጠገብ ለአዲስ አበባ ውኃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። ውኃን ለማጥራት ምን ያህል መድኃኒት እንደሚጨመር ተማሪው በክፍል ውስጥ በሒሳብ ይማራል። በውኃ ማጣሪያ ግን ሐምሌና ጥር አንድ አይደሉም። በክረምት ጎርፍ አፈር ይዞ ሲገባ ውኃው ይደፈርሳል። ስለዚህ ባለሙያው ውኃውን በብዙ ብርጭቆ ቀድቶ፣ በየብርጭቆው ልዩ ልዩ መጠን ያለው መድኃኒት ጨምሮ ያማስላል፤ በየትኛው ጭቃው ፈጥኖ እንደ ዘቀጠ አይቶ የዕለቱን መጠን ይወስናል።

ከሰበታ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር ሐዲድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በ25 ሺሕ ቮልት ኤሌክትሪክም ይሠራል። በእንደዚህ ያለ መስመር አጠገብ የመጀመሪያው ትምህርት ኃይሉ መቋረጡን ሳያረጋግጡና ሽቦውን ከመሬት ጋር ሳያገናኙ እጅን አለመዘርጋት ነው። ይህን በፈተና የሳተ ነጥብ ይጐድልበታል፤ በሥራ ላይ የሳተ ግን ሕይወቱን ያጣል።

ከእንጦጦ በስተ ሰሜን ባለችው ሱሉልታ ደግሞ ውኃ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች አሉ። በእንዲህ ያለ ፋብሪካ ጠርሙሱን የሚሞላው፣ የሚከድነውና ወረቀቱን የሚለጥፈው መኪና ተከታትለው የቆሙ ስለ ሆኑ፣ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማሉ። ተማሪው ከመካኒኩ አጠገብ ሲውል የተሰበረውን መለወጥ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደ ተሰበረ መመርመርን ይለምዳል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ የልምምድ ስፍራውን ማመልከቻ ጽፎ ራሱ ይጠይቅ። የመጓጓዣና የምሳ ገንዘብ አስቀድማችሁ አስቡለት፤ ብዙ ተማሪ ከሥራው የሚቀረው በስንፍና ሳይሆን በዚህ እጦት ነውና። ሴት ልጃችሁንም «ፋብሪካ ለሴት አይሆንም» ብላችሁ አታስቀሯት፤ የሥራውን ሰዓትና የኃላፊዋን ስም ጠይቃችሁ ዕወቁ እንጂ። ማታም በገበታ ላይ «ዛሬ ምን ሠራህ? ምንስ ተበላሸ? እንዴትስ ተጠገነ?» በሉት። መልስ ካጣ ቀኑ በከንቱ እንዳለፈ እርሱ ራሱ ያውቀዋል።

በመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆናችሁም ላልመጣ ተማሪ አትፈርሙ፤ የመጣውንም ሻይ እንዲያመላልስ አታድርጉት፤ ከአንድ ሙያ ከሚያውቅ ሠራተኛ ጋር አውሉት። ተማሪውም ዲፕሎማ ከሌለው በያጅ ወይም መካኒክ ለመማር አይፈር። ያ ሰው ብዙ ዓመት የደከመበትን ዕውቀት ለጠየቀው ሁሉ በነጻ ይሰጣልና።