ለሁሉም 5 የሰጠሁት እኔ ነኝ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ውድ የዲፓርትመንታችን መምህራንና ተማሪዎች፣ እኔም ዛሬ የደበቅኩትን ልናገር ነው።

ባለፈው ዓመት የማጠቃለያ ፈተና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው የክፍል ተወካያችን የመምህር መገምገሚያ ቅጽ ይዞ መጣ። የአንዱ ኮርስ መምህር ግማሹን ክፍለ ጊዜ አልገቡም፤ የቀሩትን ምዕራፎች «ከሃንድአውቱ አንብቡ» ብለው አልፈዋቸዋል። እኔ ግን ጥያቄዎቹን እንኳ ሳላነብ ከላይ እስከ ታች 5፣ 5፣ 5 እያልኩ በሁለት ደቂቃ ጨረስኩ። ለምን? ግሬዳችን ገና አልገባማ! ቅጹ ላይ ስም ባይጻፍም ማን ምን እንደሞላ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ኮርሱንም «ኤ» አመጣሁ።

ዘንድሮ በዚያ ኮርስ ላይ የሚመሠረት ሌላ ኮርስ ስንጀምር ባዶ መሆኔን አወቅሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ያ ፈተና የማውቀውን እንጂ «ኤ»ዬን አይጠይቀኝም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ከእኛ ቀጥሎ ያለው ባች ያንኑ ኮርስ በዚያው መንገድ እየተማረ መሆኑ ነው። ሁላችንም 5 ከሰጠን ማን ምን ብሎ ይጠይቃቸው?

ጥራት ሲባል የመንግሥት ሥራ ብቻ ይመስለናል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የአግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ዛሬ ደግሞ ሥራውን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይዞታል። ይሁን እንጂ ከውጭ የሚመጣ ገምጋሚ በየቀኑ ክፍላችን ውስጥ አይቀመጥም። የሚያየው በአብዛኛው ሰነድ ነው። ሰነዱ ውስጥ ደግሞ የእኔ 5 አለ።

አንዳንድ መምህራን «ተማሪ ጠበቅ የሚያደርገውን ይጎዳል፣ ግሬድ የሚያድለውን ያወድሳል» ይላሉ። እውነት አላቸው። ስለዚህ ቅጹ «መምህሩ ጎበዝ ነው ወይ?» ከሚል ይልቅ የሚቆጠር ነገር ይጠይቅ። ስንት ክፍለ ጊዜ ተሰጠ? የተፈተንነው ወረቀት በስንት ቀን ተመለሰ? ከኮርሱ ይዘት ስንቱ ተሸፈነ? ይህን ወዶም ሆነ ጠልቶ ማጣመም ይከብዳል።

በበኩሌ ሁለት ነገር እጨምራለሁ። አንደኛ፣ ቅጹ በሴሚስተሩ አጋማሽ ይሞላ፤ ያን ጊዜ የጎደለውን ለማስተካከል ጊዜ አለ። የመጨረሻው ቅጽ ደግሞ ግሬድ ከገባ በኋላ ይሁን። ሁለተኛ፣ ዲፓርትመንቱ ከግምገማው በኋላ ምን እንደተሻሻለ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፍልን። መልስ የሌለው ጥያቄ ማንንም ያሰለቻል።

እስከዚያው ግን ሰበብ የለኝም። በሚቀጥለው ጊዜ ቅጹ ሲመጣ እያንዳንዱን ጥያቄ አንብቤ እሞላለሁ። እናንተስ?