ስለ ፊኛ ቁጣ

ባለፈው ክረምት ከወገዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን በቤታችን ሰንብተው ነበር። ሽንታቸው ደም ከቀላቀለ ሁለት ዓመት እንደ ሆነው የነገሩን ግን ሊሰናበቱን ባሉበት ማታ ነው። «ሕመም ስለ ሌለው ብርድ ነው ብዬ ተውሁት፤ ለልጆቼም መናገር አፈርሁ» አሉን። ሐኪም ቢመረምራቸው በፊኛቸው ውስጥ ነቀርሳ ተገኘ። ስለዚህ ይህን ነገር ለቤተ ሰብ ሁሉ እንዲጠቅም ልንጽፍ ወደድን።

በአገራችን ቁስል ሲቀላና ሲያብጥ «ተቆጣ» ይባላል። ቃሉ የተገባ ነው፤ ሥጋችን ጠላት ሲገባበት ይቆጣልና። ይህ ቁጣ ለጊዜው ደግ ዘበኛ ነው። ጠላቱ ሳይወጣ ሲቀር ግን ዘበኛው ከጥበቃው አይመለስም፤ ቆይቶም የሚጠብቀውን ቤት ራሱን ያፈርሳል። ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለው የጀርመን ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1863 ነቀርሳ ቁጣ በቆየበት ስፍራ እንደሚነሣ አመልክቶ ነበር።

የቁጣው ሠራተኞች ኤንዛይም ይባላሉ። ከነዚህም አንዱ ኮክስ ሁለት ነው። በጤነኛ ፊኛ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ነቀርሳ በያዘው ግን ብዙ ጊዜ በዝቶ ይታያል። ሥራውም ከሕዋስ ቅባት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ቅመም ማዘጋጀት ነው። ይህ ቅመም ሲበዛ መሞት የሚገባው ሕዋስ እንዳይሞት ያደርጋል፤ ዕባጩን የሚመግቡ አዳዲስ የደም ሥሮችም እንዲበቅሉ ይረዳል። ሌላው ኤንዛይም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይኸውም ሲበዛ በሕዋስ ውስጥ ያለውን የዘር ጽሕፈት ያበላሻል። እኛ ጸሓፊዎች አንድ ፊደል ሲሳት ፍርድ እንዴት እንደሚዛባ እናውቃለን።

ቁጣውን ከሚያስነሡት አንዱ በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቆላ የሚገኘው የፊኛ ቢልሃርዝያ ነው፤ የትሉ ዕንቍላል በፊኛ ግድግዳ ተቀብሮ ብዙ ዘመን ያስቆጣልና። ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅትም በ1994 ነቀርሳ አምጪ ብሎ መዝግቦታል። በዓለም ሁሉ ግን ቀዳሚው ምክንያት ትምባሆ ነው፤ መርዙ በደም ዞሮ በሽንት ስለሚወጣ ፊኛን ያገኘዋል።

ታዲያ ቁጣ አብራጅ ክኒን ብንውጥ አይበቃንምን? የሚል ይኖራል። ጆን ቬይን የተባለው እንግሊዛዊ አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ እንደሚከለክል በ1971 አሳይቶ፥ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ነገር ግን ኮክስ ሁለትን የሚገታው ሴሌኮክሲብ በእንግሊዝ አገር በፊኛ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ ተፈትኖ፥ በ2019 የታተመው ውጤት የነቀርሳውን ተመልሶ መምጣት በጠቅላላው እንዳልቀነሰ አስረዳ። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲህ ያለውን ክኒን አዘውትሮ መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን መጉዳት ብቻ ነው።

የዘመዳችን ዕባጭ ወጣላቸው። ይህ ነቀርሳ ተመልሶ መምጣት ልማዱ ስለ ሆነ፥ በየጊዜው ለምርመራ እንዲመለሱ ታዘዙ። ሲለዩንም «ሁለቱን ዓመት ማን ይመልስልኛል?» አሉን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና፥ በሽንቱ ደም ያየ ሰው አንድ ቀን ብቻ ቢሆን፥ ባያመውም፥ ሳያፍር ወደ ሐኪም ይሂድ። ልጆችም አባቶቻቸውን በአክብሮት ይጠይቁ።