ለጅዳ የምናሠለጥናትን ልጅ ለአምቦ ለምን ነፈግናት?

«ጧሪ ቀባሪ ይስጥሽ» የሚለውን ምርቃት ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ቀባሪው አልጠፋም። አንድ ሽማግሌ ሲያርፍ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ልጆችም ከአዲስ አበባ፣ ከነቀምት፣ ሲሆንም ከዋሽንግተን ይደርሳሉ። የጠፋው ጧሪው ነው። ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሁለትና ሦስት ዓመታት ያን ሰው ማን ያጥበው እንደነበር፣ የግፊት መድኃኒቱን ማን ያስታውሰው እንደነበር የሚጠይቅ የለም።

ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን ተመልከቱ። አምቦ ከአዲስ አበባ የምትርቀው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ይወጣል፣ አንዳንዷም ቤሩት ወይም ጅዳ ትገባለች። ብሩ በሞባይል ይላካል። ብር ግን ሰው አያገላብጥም። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ካልቀየሩለት ገላው ይቆስላል። መንገዱ በጸጥታ ችግር በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ «ቅዳሜ መጥቼ አያቸዋለሁ» የሚለው ተስፋም ይቀራል።

እስካሁን ሸክሙን የጣልነው በሁለት ሴቶች ጫንቃ ላይ ነው። አንዷ ቤት የቀረችው እህት ናት። የቤተሰብ ሕጉ ልጆች ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው ይላል። ግዴታው የሁሉም ልጆች ነው፤ ጉልበቱ ግን የእሷ ብቻ ሆነ። ብር የላከው ወንድም «ወላጆቹን የሚጦር» እየተባለ ይመሰገናል። ሥራዋንና ትዳሯን የተወችው እሷ «ቤት ናት» ትባላለች።

ሌላዋ ከገጠር የመጣችው ልጅ ናት። እንጀራ ለመጋገርና ልብስ ለማጠብ ተቀጥራ ስትሮክ የመታውን አባት ማንሳትም ይጨመርባታል። እንዴት እንደሚነሣ ማንም አላሳያትም። እሱ ሲወድቅ ተወቃሿ እሷ ናት።

የሚያናድደው ነገር እዚህ ላይ ነው። ያቺው ልጅ ሳዑዲ ልሂድ ብትል መንግሥት ሕግ አለው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ያዛል። ትሠለጥናለች፣ ትመዘናለች፣ ውል ትፈርማለች። አምቦ ላይ ለእማማ እገሊት ስትቀጠር ግን ሥልጠናም ምዘናም ውልም የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ አውጥቶ ጉዳይዋን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። የ1996ቱ አዋጅም ያደረገው ይህንኑ ነበር። በዓረብ አገር የሚደርስባትን ግፍ አልረሳሁም፤ ወረቀቱ ብቻውን እንደማያድናትም አውቃለሁ። ግን የጅዳው አዛውንት የሠለጠነ እጅ ሲገባው የአምቦው የማይገባው ለምንድን ነው?

«ወላጅን ለቅጥረኛ መስጠት የፈረንጅ ልማድ ነው» የሚሉ አሉ። እናቱን በገዛ እጁ የሚያጥብ ይባረክ። ነገር ግን ይህን ከሚሉት ስንቶቹ ናቸው አምቦ ያሉት? ቅጥረኛዋ እንደሆነች ድሮም አለች። ልዩነቱ ሙያ ይኑራት ወይስ እንዲሁ ትቅር የሚለው ነው።

«መቄዶንያ አለ አይደል?» የሚሉም አሉ። በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው ማዕከል ከጎዳና ያነሣቸው ሺዎች ምስክር ናቸው፤ እናግዘው። ግን መቄዶንያ የተቋቋመው ደጋፊ ላጣ ሰው ነው። የአምቦዋ እናት ቤት አላት፣ ማኅበር አላት፣ ቡና የምታጣጣት ጎረቤት አላት። የጎደላት በቀን ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚደግፋት እጅ ነው። ለዚያ ብላችሁ አዲስ አበባ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አውጥታችሁ ብታስቀምጧት ጡሪያ ሳይሆን እስር ነው።

«አቅም የለንም» የሚለውን መልስም እጠብቀዋለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። አቅሙ ደግሞ ተበታትኖ እጃችን ላይ አለ። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን፣ መድኃኒቱ እንደ ልብ ሳይገኝ፣ ሠልጥነው ቤት ለቤት የአልጋ ቁራኛ የሚያጥቡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩን፤ አዲስ አበባ ላይ እድሮችም ተሳትፈውበታል። ያኔ የቻልነው ዛሬ ለምን ያቅተናል?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦

አንደኛ፣ በምዕራብ ሸዋ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለውጭ የሚሰጡትን የእንክብካቤ ሥልጠና እዚሁ ለሚቀጠሩትም ይክፈቱ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎቹን በማኅበረሰብ አገልግሎት ወደ አዛውንቶች ቤት ይላክ።

ሁለተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤቱን በር ያውቁታል። ትኩረታቸው በዋናነት እናቶችና ሕፃናት ላይ ነው፤ ከአልጋ የማይነሣው አዛውንትም ይመዝገብ፣ በወር አንድ ጊዜ ይጎብኝ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ካርድ የሚጠቅመው ጤና ተቋም መድረስ ለቻለ ነው። መድረስ ያልቻለውስ?

ሦስተኛ፣ የቤት ሠራተኛዋ ውል፣ የተወሰነ ደመወዝና የዕረፍት ቀን ይኑራት። ከዓመት ዓመት በደከመች ልጅ እጅ የሚጦር አዛውንት የለም።

አራተኛ፣ እድር ከድንኳኑ በፊት አልጋውን ይይ። አባሉ ሲሞት ከምናወጣው ከፊሉን በሕይወት ሳለ እናውጣለት። ልጆችም የሐዘኑን ድግስ ቀንሰው የተንከባካቢዋን ደመወዝ ይካፈሉ፤ ወላጆቹን ስታስታምም የኖረችው እህትም ከዚሁ ድርሻዋን ታግኝ።

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ የእድር አባል ናችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ ናቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩን አጀንዳ አስይዙ። «ደንቡ ለቀብር ብቻ ነው» ካሏችሁ ደንቡን የጻፍነው እኛው መሆናችንን አስታውሷቸው።