በየዕለቱ ለሚነዳ መኪና ኀይል መጨመር ይጠቅማልን?

መኪና ለብዙ ሰው የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጫማና እንደ ጃንጥላ ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልግ መሣሪያ ከሆነ ቆይቷል። ባለቤቱ በማለዳ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ያደርስበታል፤ ከዚያም ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄድበታል፤ ማታም ከገበያ የተገዛውን አስቤዛ ጭኖ ይመለስበታል። እንዲህ ላለው መኪና ፋብሪካው ከሰጠው በላይ ኀይል መጨመር፥ ማለት የሞተሩን ጉልበት ማሳደግ፥ የጭስ ማውጫውን መለወጥ፥ ቁመቱንና ጎማውን ማተለቅ ይጠቅማልን? ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመረምረው ይህን ጥያቄ ነው። ለምርመራውም ጁባን መርጠናል፤ በዚያች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን በንግድ፥ በሆቴልና በልዩ ልዩ ሥራ ተሠማርተው ይኖራሉና፤ መንገዷም የመኪናን ጠባይ ሳይሸሽግ ያሳያልና ነው።

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኝ፥ ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ የመንግሥቱ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎቿ አስፋልት ለብሰዋል፤ ከእነርሱ ወጣ ሲሉ ግን በበጋ አቧራ፥ በክረምት ጭቃ የሆነ የአፈር መንገድ ይቀበላል። ወደ ኡጋንዳ ጠረፍ ወደ ኒሙሌ የሚወስደው 192 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 አስፋልት ሆኖ ተጠናቀቀ። በከተማዪቱ ከሚታዩት መኪናዎች ብዙዎቹ በጃፓን አገር ያገለገሉና በሞምባሳ ወደብ በኩል አቋርጠው የመጡ ናቸው።

እንዲህ ያለውን መኪና የገዛ ወጣት ከጥቂት ወራት በኋላ ልቡ አንድ ነገር ቢመኝለት አይደንቅም። ፈረስ የነበራቸው አባቶቻችን ለፈረሳቸው ጌጥ ያበጁለት እንደ ነበር ሁሉ፥ እርሱም መኪናውን ከሌላው ሰው መኪና ለይቶ ማየት ይወዳል። ይህ ፍላጎት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጌጥ ሌላ፥ ጉልበት ሌላ ነው። ጌጥ የሚጠይቀው ገንዘብ ብቻ ሲሆን፥ ጉልበት ግን ከገንዘቡ በላይ ሌሎቹን የመኪናውን ክፍሎች ዋጋ ያስከፍላል።

በመጀመሪያ የጁባ ነዋሪ ያለ አንዳች ወጪ ያገኘውን ኀይል እናስታውሰው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየሩ በሳሳ መጠንም ጉልበቱ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር የምትጠጋ ስትሆን፥ ጁባ ግን ከ550 ሜትር ብዙም አትርቅም። የጁባ ሙቀት አየሩን ቢያሳሳውም፥ ይህን ሁሉ አስበን ስንመዝነው ቱርቦ የሌለው ሞተር በጁባ የሚተነፍሰው አየር በአዲስ አበባ ከሚተነፍሰው ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በእንጦጦ ዳገት ላይ የሚያቃስተው መኪና በጁባ ሜዳ ላይ ቢነዳ ሌላ መኪና መስሎ ይታያል። በአንጻሩ በገበያ የሚሸጠው ልዩ የአየር ማጣሪያ፥ በጋራዥ ቋንቋ ፊልትሮ የሚባለው፥ በተራ ሞተር ላይ የሚጨምረው ጉልበት ነጂው ሊለየው የማይችል ጥቂት ነገር ነው። ይባስ ብሎም አየር በብዛት እንዲያሳልፍ ተብሎ የተሠራው ፊልትሮ ደቃቅ አቧራን አብሮ ሊያሳልፍ ይችላል። አቧራው ወደ ፒስተኑ ከደረሰ ዘንድ የሞተሩን ውስጥ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ሁለተኛው ነገር የሞተሩን ኮምፒዩተር መለወጥ ነው። ዘመናዊ ሞተር ነዳጁን መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚያዝዘው አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር አለው። አንዳንድ ባለሙያዎች ትእዛዙን ለውጠው ከዚያው ሞተር ተጨማሪ ጉልበት ያወጣሉ። ይህም በእርግጥ የሚቻል ነው። ነገር ግን ፋብሪካው ያን ጉልበት ያልተጠቀመበት ስለ ዘነጋው አይደለም፤ ለሙቀት ቀን፥ ለከባድ ጭነትና ለመጥፎ ነዳጅ ስንቅ አድርጎ ያስቀመጠው ነው። ደቡብ ሱዳን ድፍድፍ ዘይቷን በቧንቧ ወደ ፖርት ሱዳን ትልካለች፤ ጁባ የምታቃጥለው ቤንዚንና ናፍጣ ግን በአብዛኛው በቦቴ ተጭኖ ከጎረቤት አገሮች ይመጣል። እጥረት ሲሆንም ቤንዚን በመንገድ ዳር በጠርሙስና በጀሪካን ይሸጣል። የጠርሙሱን ቤንዚን ጥራት የሚመሰክር ሰው የለም። ስንቁን አስቀድሞ የጨረሰ ሞተር እንዲህ ያለ ነዳጅ በተቀዳለት ቀን ማንኳኳት ይጀምራል፤ ማንኳኳቱም ቸል ከተባለ ፒስተኑን እስከ መሰንጠቅ ያደርሰዋል።

ሦስተኛው፥ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት፥ ቱርቦ መጨመር ነው። ቱርቦ በሚወጣው ጭስ ኀይል እየተሽከረከረ አየርን ወደ ሞተሩ የሚያጭቅ መሣሪያ ነው። ለምሳሌ በአፍሪካ የአፈር መንገድ ሁሉ ስሙ የታወቀውን ላንድ ክሩዘር እንውሰድ። በብዙዎቹ ላይ የተገጠመው 1 ኤች ዜድ የተባለው 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ ጉልበቱም ከግዝፈቱ አንጻር ሲታይ መጠነኛ ነው። ስለዚህ በሌላ ጋራዥ ቱርቦ የሚያስገጥሙለት ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ይህ ሞተር አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ እንዲያምቅ ሆኖ ተሠርቷል። ያው ፋብሪካ ከጅምሩ በቱርቦ እንዲሠራ ያዘጋጀው ወንድሙ ግን እምቅታው ከ19 እጥፍ ያነሰ ነው። ልዩነቱ በከንቱ የተደረገ አይደለም። እምቅታው በበዛው ሞተር ላይ ቱርቦ ሲጨመር ግፊቱና ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ ያልፋል። በልክና በጥንቃቄ ያስገጠመ ሰው ዓመታት ሊነዳው ይችላል፤ ጉልበት እንዲበዛለት ግፊቱን ያስጨመረ ግን ቴስታታውንና ፒስተኑን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ከፍ ያለ ጉልበት በእውነት የሚያስፈልገው ሰው፥ ለምሳሌ ጭነት ይዞ የዓባይን በረሃ የሚወርድና የሚወጣ ነጋዴ፥ ጉልበቱ ከፋብሪካ አብሮት የተወለደ መኪና ቢገዛ ይሻለዋል።

ደግሞስ የተገኘው ጉልበት የት ይውላል? በጁባ መንገድ ላይ ቦዳ ቦዳ የተባሉት የኪራይ ሞተር ሳይክሎች በግራም በቀኝም ይገባሉ፤ ሕፃናት ያቋርጣሉ፤ ጉድጓዱም ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቦታውን ይለውጣል። በዚያ መንገድ ላይ ፍጥነትን የሚወስነው መንገዱ እንጂ ሞተሩ አይደለም። በኒሙሌ አስፋልት ላይ መሮጥ ይቻላል ቢባል እንኳ ሒሳቡን ማየት ይገባል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና ወደ 80 ከፍ ሲል ፍጥነቱ የጨመረው በአንድ ሦስተኛ ነው፤ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኀይል ግን ወደ 78 ከመቶ ያህል ያድጋል። ሞተሩን አጠንክሮ ፍሬኑን እንደ ነበረ የተወ ሰው፥ የበሬውን ጉልበት አሳድጎ የቀንበሩን ማነቆ ያላጠበቀ ገበሬን ይመስላል።

ስለ ድምፅም አንድ ቃል እንናገር። የጭስ ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ሲወልቅ መኪናው የጠነከረ ይመስላል፤ በተራ መኪና ላይ ግን የሚጨመረው ጉልበት እጅግ ጥቂት ሲሆን ጩኸቱ ብዙ ነው። በጁባ ደግሞ ጉዳዩ ከጨዋነት ያልፋል። የከተማዪቱ ሰዎች በታኅሣሥ 2013ና በሐምሌ 2016 በአውሮፓ አቆጣጠር በመካከላቸው የተደረገውን ውጊያ በጆሯቸው ሰምተዋል። በሌሊት እንደ ጥይት የሚተኩስ የጭስ ማውጫ በዚያ ሰፈር የተኙትን እናቶች ምን እንደሚያስታውሳቸው ማሰብ አያዳግትም። ጎረቤትን ማስደንገጥ በየትኛውም ጋራዥ ዋጋ የማይተመንለት ኪሳራ ነው።

ታዲያ መኪናን መለወጥ ሁሉ ከንቱ ነውን? አይደለም። በጂብራልታር የሚገኘው ቶዮታ ጂብራልታር ስቶክሆልዲንግስ የተባለው ድርጅት ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና ለርዳታ ማኅበሮች መኪና እያሰናዳ በመላክ የታወቀ ነው። ከሚያደርጋቸው ለውጦች ዋነኞቹ ጠንካራ ባሊስትራ፥ ከፍ ብሎ የሚተነፍስ የአየር መሳቢያ ቧንቧ፥ ተጨማሪ የነዳጅ ጋንና የመገናኛ ሬዲዮ ናቸው። ባሊስትራ ማለት የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት ነው። ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፥ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ለፍጥነት የታሰበ አይደለም። ሁሉም ሥራውን አውቀው ለሥራው የተጨመሩ ናቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአባቶች ምክር እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል፤ መኪናው ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ ምን እንደሚጨመርለት መወሰን አይገባም።

በዚህ መለኪያ ስንመለከተው ለጁባ መኪና ከሁሉ የሚቀድመው ለውጥ ጥቂት ሰው የሚያስበው የፊት መብራት ነው። በኬንያና በኡጋንዳ፥ እንዲሁም በጃፓን፥ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነው፤ በደቡብ ሱዳን ግን እንደ አገራችን በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ መሪያቸው በቀኝ የሆነ ብዙ መኪናዎች በቀኝ መንገድ ላይ ይነዳሉ። የእነዚህ መኪናዎች ዝቅተኛ መብራት ወደ ግራ ጠርዝ ከፍ ብሎ እንዲያበራ የተሠራ ስለሆነ፥ በጁባ ሲነዱ ብርሃኑ ከፊት ለፊት በሚመጣው ሰው ዐይን ላይ ያርፋል። በዚህ ላይ ለአሮጌው መብራት ቤት ያልተሠራ ነጭ አምፑል ሲጨመር ዕውርነት ይሆናል። መብራቱን ለቀኝ መንገድ በተሠራ መለወጥ ከቱርቦ ዋጋ ጋር የማይነጻጸር ወጪ ነው፤ የሚያተርፈው ግን የሰው ሕይወት ነው። መሪው በቀኝ የሆነ መኪና የሚነዳ ሰውም የጭነት መኪና ቀድሞ ለማለፍ ሲፈልግ ከፊቱ የሚመጣውን ማየት እንደማይችል አውቆ መታገሥ ይገባዋል። የጨመረው ጉልበት ይህን ጉድለት አይሸፍንለትም፤ እንዲያውም ያደፋፍረዋል።

ከመብራቱ ቀጥሎ ጎማ ይመጣል። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፥ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። መልኩ አዲስ የሚመስል፥ ዕድሜው ግን ያለፈ ጎማ በሙቅ አገር መንገድ ላይ የሚታመን አይደለም። ለማማር ብሎ ትልቅ ጎማ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፤ የጎማው ስፋት ከዳር እስከ ዳር በ10 ከመቶ ቢያድግ፥ ፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው የሚሄደው 110 ነው። ፍሬኑም ይከብደዋል፤ መኪናው ከመሬት ከፍ ባለ መጠንም በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ከጎማ በኋላ የፍሬን ሸራ፥ ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተርና ሞተር የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር በየተራቸው ይታያሉ። እነዚህን ወደ ነበሩበት መመለስ ብቻ አሮጌውን መኪና ለነጂው አዲስ ያደርግለታል፤ ብዙ ጊዜ ጉልበት አጣ የሚባለውም መኪና ያጣው ጉልበት ሳይሆን ጥገና ነው።

በጁባ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሚያገኘው ገንዘብ ከፊሉን ለእናቱና ለታናናሾቹ ወደ አገር ቤት ይልካል። በመንገድ ላይ የቆመ መኪና የእርሱን ሥራ ብቻ ሳይሆን ጎንደር ወይም ደሴ ተቀምጦ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቀውን ልጅ ያስቸግራል። ስለዚህ በየዕለቱ ለሚነዳ መኪና ኀይል መጨመር ይጠቅማልን ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፤ ለማቆም፥ ለማየትና ለመሸከም የሚረዳው ለውጥ ይጠቅማል፤ ለመሮጥ ብቻ የሚረዳው አይጠቅምም። ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰውም መካኒኩን «ምን ያህል ያፈጥንልኛል?» ከማለቱ በፊት «ይህ ክፍል ቢጨመር ከሌሎቹ ክፍሎች የትኛው ይጎዳል?» ብሎ ይጠይቀው። ይህን ጥያቄ በቅን ልብ የሚመልስ መካኒክ ካገኘ ገንዘቡን ሊያወጣ ይችላል፤ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ግን ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ።