በከባድ ማርሽ ንዳ

በዚህ ዓምድ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ንጹሕ ውሃ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ መንገድ እናውራ።

ዛሬ ሞተር ሳይክል በብዙ ቀበሌ ይገባል። ታማሚ በሞተር ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ነጋዴም በሞተር ወደ ገበያ ይወርዳል። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ከነጂ ኋላ ተፈናጥጣችሁ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለነጂ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ለሚቀመጠውም ነው።

ዳገቱ

ቀኑ ሐሙስ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከአርባ ምንጭ ተነሣን። ሁለት ነን። አንዳችን ነጂ፣ አንዳችን ተፈናጣጭ። ከኋላችን በላስቲክ ጠቅልለን ያሰርነው ይህንን የምታነቡትን ጋዜጣ ነው። የምንሄደው በዶርዜ አድርገን ወደ ጨንቻ ነው። እዚያ ላሉት የንባብ ጣቢያዎች ጋዜጣውን አድለን በዚያው ቀን መመለስ አለብን።

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከተራራው ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከፍታዋ 1,300 ሜትር ያህል ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ሙዝ ይበቅልበታል። ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ እንሰት፣ ገብስና ፖም ይበቅላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሰው በየ1,000 ሜትሩ ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እኛም ጠዋት ላብ እያላበን ተነሥተን፣ ረፋድ ላይ ጃኬታችንን እስከ አንገታችን ቆለፍን።

ከሶዶው አስፋልት ወደ ግራ ተገንጥለን ተራራውን ጀመርን። ወዲያው መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይታጠፋል። መንገዱ ለምን ይጠማዘዛል? ቀጥ ብሎ ቢወጣ አይሻልም ወይ? ጭነት የተሸከመች አህያ ዳገት ስትወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ቀጥ ብላ አትወጣም። ወዲያና ወዲህ እያለች ነው የምትወጣው። እንዲህ ስታደርግ መንገዱ ይረዝምባታል፤ ዳገቱ ግን ይቀልላታል። መንገድ የሚሠራው መሐንዲስም የአህያዋን ብልሃት ነው የሚከተለው።

እግረኛ ግን በአቋራጭ ይሄዳል። ጠመዝማዛውን መንገድ በቀጭን መንገድ ቀጥ ብሎ ይቆርጠዋል። በዚያ ዕለት የዶርዜ ገበያ ነበር። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው። ሸክም የያዙ ሰዎች ከአቋራጩ ብቅ እያሉ መንገዱን ያቋርጡ ነበር። ነጂያችን ጠንቃቃ ነው። መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀኙን ይይዛል። ወዲያ ማዶ ያለው ካልታየው ክላክስ ያሰማል። እኛም በዳገቱ በጣም ተደሰትንበት።

ግማሽ መንገድ ላይ ቆመን ወደ ታች አየን። አባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ጫሞ ሐይቅ ሰማያዊ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ከፍ ያለ መሬት ሰዎች «የእግዜር ድልድይ» ይሉታል። ውሃና ሰማይ፣ ደንና ሜዳ በአንድ ጊዜ ይታያል። ዓይን አይጠግብም።

ነገር ግን ብዙ አልቆየንም። ሌሊት ዘንቦ ነበርና ከተቆረጠው ገደል ድንጋይ ወርዶ መንገድ ላይ ተበትኗል። ዝናብ የጠገበ ተራራ አይታመንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከዚህ ሩቅ ባልሆነው በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መሬት ተንዶ ከ200 ሰው በላይ ሞቷል። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማዳን የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ በገደል ሥር መቆም አይገባም።

ደጋው

ዶርዜ ስንደርስ ቤቶቹን አየን። ከቀርከሃ ተሠርተው ረጅም ናቸው። ፊታቸው የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ከሥር ሲበላቸው እያጠሩ ይሄዳሉ። ቤቱን ሌላ ቦታ መትከል ቢያስፈልግ ሰዎች ተሰብስበው ይሸከሙታል። ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ። በቆሎና ቆጮ ቀመስን። ወደ ጨንቻም ቀጠልን።

ከጨንቻ ወዲያ ያለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጭቃ ነበር። እዚያስ ሞተሩ እኛን መሸከሙ ቀርቶ እኛ ሞተሩን ተሸከምነው ማለት ይቻላል። የሆነው ሆኖ ጋዜጣውን አድርሰን ተመለስን።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዶርዜ ጣቢያ ደረስን። ጥቂት ተማሪዎች ከገበያ ወጥተው ይጠብቁናል። ከነሱ መካከል ዕድሜያቸው 50 የሚያህል እናት ነበሩ። እንዝርታቸውን አልጣሉም። አማርኛ የለመዱት በገበያ ነው፤ ፊደል የቆጠሩት ግን በዚህ ዓመት ነው። ጋዜጣውን ተቀብለው ቆሙ። ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እያሻገሩ አንድ አንቀጽ አነበቡ። ሲጨርሱ ግንባራቸውን ጠረጉ። ሰዉ አጨበጨበላቸው።

እኒህ እናት ቆላ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ይወርዱ ኖሯል። «ልጆቼ፣ ከናንተ ጋር ልውረድ?» አሉን።

«እናታችን፣ ሞተር ለሁለት ሰው ነው። ሦስት ከሆንን አደጋ ነው» አልናቸው።

«ደግ ብላችኋል፤ እግሬ መቼ ደከመና!» ብለው አቋራጩን ያዙ።

ይህን ያህል አዋቂዎች ነበርን። ሌላውን ስንመክር እናውቃለን።

ቁልቁለቱ

ቤንዚናችን አንሶ ነበር። ነጂያችን፣ «ቁልቁለት ነው፤ ራሱ ይወርዳል» አለ። ማርሹን ዜሮ አደረገው። ሞተሩንም አጠፋው። ከኋላ የነበረው አልተቃወመም። ቤንዚን መቆጠብ መልካም ነገር መሰለን። ሞተሩ ዝም ሲል የወፉ ድምፅ ሁሉ ይሰማል። እንዴት ደስ ይላል!

ትንሽ እንደወረድን በመንገዱ ዳር አንድ ምልክት ቆሟል። ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ነው። በመካከሉ የተጠማዘዘ ጥቁር ቀስት አለበት። ከሥሩ ባለው ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ አለ። ነጂው መንገዱን ያይ ነበርና ምልክቱን አላየውም። ከኋላ የነበረው ግን አየው፤ አነበበውም። «በከባድ ማርሽ ንዳ» ይላል። ከኋላ የነበረው ምን እንደሚል ያውቃል። ግን ዝም አለ። «ነጂው እሱ ነው፤ እሱ ያውቃል» አለ በልቡ።

አራት መታጠፊያ አለፍን። የተቃጠለ ነገር ሸተተን። በአምስተኛው መታጠፊያ ነጂው ፍሬን ረገጠ፤ ፍሬኑ ግን አልያዘም። ማርሽ ለማስገባት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከፊታችን ሁለት ልጆች እንጨት ተሸክመው መንገዱን ሊያቋርጡ ከአቋራጩ ወጡ። ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበረ ድምፃችንን አልሰሙም። በአንድ በኩል ገደል ነው። በሌላው በኩል የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። ነጂው መሪውን ወደ ቦዩ መለሰው።

ወደቅን። ልጆቹ እንጨታቸውን ጥለው ቆመው አዩን። ምንም አልነካቸውም። የነጂው ጉልበት ተልጧል። የሌላው ክንድ አብጧል። አንዱ ስፖኪዮ ተሰብሯል። ሄልሜታችን ባይኖር ይህን ዓምድ ዛሬ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ዓይናችን ላይ የቀረው የልጆቹ ፊት ነው። በቆጠብነው ጥቂት ቤንዚን የሰው ልጅ ልንገድል ነበር።

ገና አቧራችንን ሳናራግፍ እኒያ እናት በአቋራጩ ደረሱ።

«ምነው ልጆቼ! ምን ነካችሁ?» አሉ። ደኅና መሆናችንን ሲያዩ አጠገባችን ተቀመጡ። ከዚያም እንዲህ አሉን፦ «ያንን እላይ ያለውን ሰሌዳ ዓመት ሙሉ በፊቱ አልፍ ነበር። ዛሬ ቆሜ አነበብኩት። በ-ከ-ባ-ድ ማ-ር-ሽ ን-ዳ ይላል። 'ከባድ' አውቃለሁ። 'ንዳ'ም አውቃለሁ። 'ማርሽ' ግን ምንድን ነው? ልጠይቃችሁ ብዬ ነው የሮጥኩት።»

እርስ በርሳችን ተያየን። የምንገባበት ጠፋን። እሳቸው ቃሉን አንብበው፣ ትርጉሙን ለማወቅ ቁልቁለት ሮጡ። እኛ ትርጉሙን እያወቅን ዝም አልን። «የተማረ ያስተምር» እንላለን። እዚያ ቦይ ዳር አስተማሪው ማን ነበር? ተማሪውስ?

ማርሽ ምን እንደሆነ ነገርናቸው። ለእናንተም እንነግራችኋለን።

ከባድ ማርሽ ምን ይሠራል?

መዳፋችሁን እርስ በርስ አፋትጉት። ወዲያው ይሞቃል። ፍሬንም እንዲሁ ነው። የፍሬን ሸራ ተፋትጎ ነው ጎማውን የሚይዘው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ብቻ ከተያዘ ሸራው ይግላል። ሲግል ይሸታል። በጣም ሲግል መያዙን ይተዋል።

ማርሽ ደግሞ የሞተሩን ኃይል ለጎማው የሚያደርስ ጥርስ ነው። 1ኛና 2ኛ ማርሽ ከባድ ማርሽ ይባላሉ። ቀስ ብለው የሚሄዱ፣ ኃይለኞች ናቸው። አህያ በቁልቁለት ስትወርድ ባለቤቷ ጭነቱን ከኋላ ይይዝላታል፤ ያን ጊዜ ጭነቱ ወደ ፊት አይገፋትም። ከባድ ማርሽም እንደዚያ ነው። ሞተሩ ጎማውን ከኋላ ይይዘዋል። ፍሬኑም ያርፋል። ዜሮ ማርሽ ላይ ግን ጎማውን የሚይዘው የለም።

ስለዚህ ይህንን አስታውሱ፦

1. ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት 1ኛ ወይም 2ኛ ማርሽ ይግባ። ከወረዱ በኋላ ማስገባት ያስቸግራል።

2. በቁልቁለት ሞተር አይጠፋም። ማርሽም ዜሮ አይደረግም።

3. ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፊያው በፊት ነው። በጠጠር ላይ እየታጠፉ የፊት ፍሬን በኃይል መያዝ ይጥላል።

4. የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ወይም ፍሬን ከላላ ቆሞ ማሳረፍ ነው። በጋለው ፍሬን ላይ ውሃ አይደፋም።

5. ነጂም ተፈናጣጭም ሄልሜት ያድርግ፤ ማሰሪያውንም ከአገጩ ሥር ይሰር።

6. ተፈናጣጭ ምልክት ካየ ጮክ ብሎ ያንብብ። «ቀስ በል» ማለት ነውር አይደለም። ነጂው ቢቆጣ እንኳ ይቆጣ።

ከስድስቱ ለእናንተ የምናከብደው ስድስተኛውን ነው። ብዙ ሰው፣ «እኔ ተሳፋሪ ነኝ፤ ምን አገባኝ?» ይላል። ነፍሱ ግን ያለችው እዚያው ሞተር ላይ ነው። ፊደል የቆጠርነው መጽሐፍ ላይ ብቻ ለማንበብ አይደለም። በመንገድ ዳር፣ በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ፣ በጸረ ተባይ ዕቃ ላይ የተጻፈ ሁሉ ለእኛ የተጻፈ ነው። አንብቦ ዝም ማለት ካለማንበብ አይሻልም።

ፍሬኑ እስኪበርድ ተቀመጥን። ልጆቹ እንጨታቸውን መልሰው እንዲሸከሙ ረዳናቸው። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተን በ1ኛ ማርሽ ቀስ ብለን ወረድን። እናታችን በአቋራጭ ወረዱ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ እሳቸው ቀድመውን ቆመዋል። እጃቸውን አውለብልበው፣ «ከባድ ማርሽ!» እያሉ ሳቁብን።

ደኅና ሁኑ። ሳምንት ያገናኘን።

የቃላት ፍቺ

ተፈናጣጭ — በሞተር ወይም በፈረስ ላይ ከነጂው ኋላ የሚቀመጥ ሰው
መታጠፊያ — መንገድ የሚዞርበት ቦታ
አቋራጭ — ርቀት የሚያሳጥር የእግር መንገድ
ናዳ — ከተራራ ተንዶ የሚወርድ አፈርና ድንጋይ
ስፖኪዮ — ነጂ የኋላውን የሚያይበት መስተዋት

እየተወያያችሁ መልሱ

1. ጸሐፊዎቹ እናታችንን ለምን አላሳፈሯቸውም? ትክክል ናቸው ወይ?

2. ከኋላ የነበረው ሰው ምልክቱን አንብቦ ለምን ዝም አለ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

3. በቀበሌያችሁ መንገድ ላይ የቆመ ምልክት ወይም የተጻፈ ሰሌዳ አለ? ሄዳችሁ አንብቡት። የሚለውንም በደብተራችሁ ጻፉ።